ጆሮ የከዳቸው ንስሐ አባት

በዚያ ዘመን፣ ከወንዙ ወዲህ ያለችው ከተማ ቄስ ስማቸው እስከ ማዶ የገነነ ሰው ነበሩ። ማዶ የራሱ ቄስ አላጣም፤ ያውም ወጣት፣ የተማረ፣ ድምፀ መልካም። ሕዝቡ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ድልድዩን እየተሻገረ እኚህ ሽማግሌ ዘንድ ይሰለፋል። ነጋዴው፣ ባለ ወፍጮው፣ አማቷን የምትራገመው ምራት፣ ሁሉም ተንበርክኮ የልቡን ዘክዝኮ ፊቱ በርቶ ይወጣል። «እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል! አይቆጡ፣ አይመረምሩ!» ይባባላሉ። ቄሱም ስብከቴ ፍሬ አፈራ፣ ሕዝቤ ንስሐ ወደደ እያሉ ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

አይ ሰው! ወረፋው የበዛው ቄሱ ስለማይሰሙ ነበር።

ጆሯቸው የከዳቸው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፣ ቀጥሎ የሚስታቸው ማጉረምረም (እሱ እንኳ ብዙም አልከፋቸውም)፣ በመጨረሻ ከደወሉና ከቅርብ ጩኸት በቀር ሁሉም ነገር ዝም አለ። ለማን ይናገሩ? የማይሰማ ቄስ ከሥራው ይነሳል። እሳቸው ሲነሱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለችው ቤት፣ የሚስታቸው ጓሮ፣ ልጃቸው የተወለደችበት ክፍል ለሚተካቸው ሰው ይለቀቃል። ስለዚህ ዘዴ ዘየዱ፤ ትከሻ ማየት ጀመሩ። ሊናዘዝ የመጣ ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ሲጨርስ እፎይ ብሎ ይወርዳል። ያኔ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል። ይህን ምስጢር ከሚስታቸው በቀር ማንም የሚያውቅ አይመስላቸውም ነበር፤ ምስኪን!

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። የባለ ወፍጮው ልጅ ለትዳር አስጠየቃትና የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቤቱም የሞላ ነው። እሷን ግን ማንም ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ከወረፋው መጨረሻ ቆማ እንደማንም ሰው ገባች። አባቷ ፊት ተንበርክካ ብዙ ተናገረች። እጆቿን ስታፍተለትል፣ ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ያያሉ። ጨርሳ ትከሻዋ ሲወርድ፣ ቄሱ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ በሰላም ሂጂ» አሏት። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፊቷ ላይ ደም የሚባል አልነበረም። እጃቸውን ሳትስም ወጣች። ሠርግ የደረሰባት ልጅ ናት፣ ሆድ ቢብሳት ምን ይገርማል ብለው ተዉት።

ነገሩን ያፈረጡት ሚስታቸው ናቸው። የሙሽራዋን ቀሚስ ሲለኩላት ልጅቱ እንደ ግንድ ተገትራ አላወራ ብትላቸው «ምን ሆነሻል?» ብለው ጠየቋት። «አባባን ጠይቄያለሁ፤ መልሴን አግኝቻለሁ» አለች። እናት መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ወደ ባላቸው ከነፉ፣ ጆሯቸው ሥር ገብተውም ጮኹ።

«ልጅቱ ምን አለችዎት?»

«ኑዛዜ ነው፤ አይነገርም» አሉ ቄሱ ኮስተር ብለው።

«ምኑን ሰምተውት ነው የሚደብቁት!»

ቄሱ ክው አሉ። ሚስታቸው አንዴ ከጀመሩ የሚያቆማቸው የለም፤ ከገዛ ልጃቸው በቀር አገሩ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ማዶ ድረስ «ጉድጓዱ አባት» እየተባሉ እንደሚጠሩ፣ ወረፋውም ለዚሁ እንደሆነ ፍርጥርጥ አደረጉት። «አሁን ይሂዱና ልጅዎን ይጠይቋት!» አሉ በመጨረሻ።

አልሄዱም። ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ፈሩ። ጮክ ብላ ከተናገረች ጎረቤት ይሰማል፣ ጎረቤት ከሰማ የቤተ ክህነት አለቆች ይሰማሉ። ለሠርጉም ትልቁ አለቃ ራሳቸው ሊመጡ ነው። ምናልባት ትንሽ ኃጢአት ይሆናል እያሉ ራሳቸውን ደለሉ። ሌሊት ሌሊት ግን ተነስተው የተናዘዘውን ሰው ይቆጥሩ ጀመር። ስንቱን ሰው ፈታሁ? ከምኑ ፈታሁት? ጭንቅ ይዞት፣ ምክር ፈልጎ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሸኝቼ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር በሄዱበት ሁሉ ይወጋቸው ነበር።

የሠርጉ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ባለ ወፍጮው በአዲስ ካፖርት፣ አለቃው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቄሱ ሙሽራውን ጠየቁ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ትከሻው ወረደ። ወደ ልጃቸው ዞረው «በፈቃድሽ ነው ወይ የምታገቢው?» አሉ። ከንፈሯ ትንሽ ላወስ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይበቃቸው ነበር። ትከሻዋ ግን አልወረደም፤ ወደ ጆሮዋ እንደወጣ እዚያው ቀረ።

መጽሐፉን ዘጉት።

«ልጄ፣ አልሰማሁሽም» አሉ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ጩኸታቸው ጣሪያውን አናጋው። «ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ያን ቀንም አልሰማሁሽም። ጆሮዬ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ራሴን የነቀነቅሁት ስላፈርኩ እንጂ የምትይው ገብቶኝ አይደለም። ፈቃድሽ ከሆነ አሁን ንገሪኝ። ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። እሳቸው ዘንድ የተናዘዘ ሁሉ አቀረቀረ። አለቃው ከወንበራቸው ተነሱ። ልጅቱ አባቷን አየች፣ አየች፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣ እናቷን ከጓሮ እንደምትጣራው፣ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

«አልፈልገውም ነበር ያልኩዎት፣ አባባ! አልፈልገውም!»

«ሰማሁሽ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

ከዚያማ የሆነውን አትጠይቁኝ። ባለ ወፍጮው ተሰደብኩ፣ ተዋረድኩ ብሎ ጮኸ። አለቃው ቤቱ ባስቸኳይ ይለቀቅ ብለው እዚያው አዘዙ። ሕዝቡ ተንጫጫ። ቄሱ ልጃቸውን አስቀድመው በመሃል ለመሃል ሲወጡ ከዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልሰሙም፤ ዓይናቸው የልጃቸው ትከሻ ላይ ነበር። ወርዷል።