ማታ ማታ የሚጠራው ተማሪ

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አይናዲስ በሩን ትቀረቅርና ጀርባዋን ሰጥታው ትቆማለች። ሉማሜ ዳር ባለችው ቤታቸው ይህ የየዕለት ሥራዋ ሆኗል። አባቷ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ከመደባቸው ይነሱና መቋሚያቸውን ይዘው ይመጡባታል።

«አካለ ወልድ! ወንዙ ሞልቷል፣ እዚያው ቁም!» ይጮሃሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፦ «ልቀቂኝ አንቺ ሴትዮ! ልጁን ውሃ ሊወስደው ነው!»

መቋሚያው ክንዷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ያርፋል። እስኪደክማቸው ይመታሉ፤ ሲደክማቸው ያለቅሳሉ።

አካለ ወልድ ከእሳቸው ዘንድ ድጓ ይማር የነበረ ተማሪ ነው። አይናዲስ ሳትወለድ፣ በአንድ ክረምት የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው፤ ሬሳውም አልተገኘም። አባቷ ደህና ሳሉ ስሙን አንስተው አያውቁም ነበር። የመርሳት ሕመሙ ከጠናባቸው ወዲህ ግን ከአፋቸው አልጠፋ አለ። አይናዲስን የሚያስፈራት ጩኸታቸው አልነበረም፤ ጸጥ ማለታቸው ነው። ድንገት ጩኸታቸውን ያቋርጡና ጆሯቸውን ወደ በሩ ያዘነብላሉ። «እሺ... እሺ... ያንን ቅርንጫፍ ያዝ» ይላሉ፣ ከውጭ እንደመለሰላቸው ሰው። ያን ጊዜ የተደገፈችው ሳንቃ ይቀዘቅዛታል።

ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች። አግብታም ነበር፣ ተመለሰች። አሁን አባቷን ታስታምማለች። ለምን እኔ ማለትን ከተወች ቆይታለች። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ፤ ወንድሟ እንዳላማው ከደብረ ማርቆስ ገዝቶ ያመጣው ሰንሰለት። በማዳበሪያ ተጠቅልሎ አልጋው ሥር ተቀምጧል።

«ጠበሉ ቦታ አስረን እናቆያቸዋለን፤ ሳይገድሉሽ» ይላታል።

«ስንቱን ያስተማሩ ሰው እንደ ውሻ ይታሰሩ?»

«እና መቼም ዕድሜሽን ሙሉ በር ሆነሽ አትኖሪ!»

ደብረ ማርቆስ የታዘዘላቸው ኪኒን አፍዝዞ ጣላቸው እንጂ የማታውን ነገር አላበረደውም። ወደ አዲስ አበባ ተጻፈላቸውና ወንድምና እህት ይዘዋቸው ሄዱ። እዚያ ሆስፒታል አስተኝቶ የተቀበላቸው የአእምሮ ሐኪም ረጋ ያለ ሰው ነበር።

«ማደንዘዣ ሰጥተን፣ ተኝተው ሳሉ ጭንቅላታቸው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ኤሌክትሪክ እናሳልፋለን» አለ። «አይሰማቸውም። በየሳምንቱ እየደጋገምን እናያለን። የመርሳት ሕመሙን አያድነውም፤ እንዲያውም ለጊዜው የባሰ ሊረሱ ይችላሉ። ይህ ፍርሃትና ቁጣ ግን ሊበርድላቸው ይችላል። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ስላለ ነው።»

«ስልክ አደረጋችኋቸው እንዴ፣ ቻርጅ ልታደርጉ?» አለ እንዳላማው።

አይናዲስ «ይደረግላቸው» አለች።

ሲወጡ ወንድሟ ክንዷን ያዘ። «ይሄም ካልሆነ ሰንሰለቱ ነው። ሁለተኛ አልለማመጥሽም።»

«ካልሆነ እሺ» አለችው።

ከእራት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ ተነገራቸው። «ጾም ለእኛ ይነገራል?» ብሎ ሳቀ እንዳላማው። በማግስቱ ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች።

«ምንም አልቀመሱም አይደል?»

«ምንም» አለች አይናዲስ።

«ጠበል ብቻ ነው» አለ እንዳላማው ኮራ ብሎ፣ ባዶውን የሃይላንድ ጠርሙስ እያሳያት። «አሁን በባዶ ሆዳቸው አጠጣኋቸው።»

«ውሃ ጠጥተዋል?»

«ኧረ ጠበል ነው! ጠበል ደግሞ ጾም ያስገድፋል እንዴ?»

«በማደንዘዣ ተኝተው ወደ ሳንባቸው ቢገባ ይሞቱብናል፤ ጠበልም ቢሆን» አለችና ወንበሩን ባዶውን መልሳ ወሰደችው። ተራቸው ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ። እንዳላማው ጠርሙሱን እያገላበጠ ቀረ።

ያን ዕለት ሲመሽ መሪጌታ ክፍሉን በጩኸት ሞሉት። አይናዲስ እንደለመደችው በሩ ላይ ቆመች። አጠገባቸው ባለው አልጋ የተኛው ሽማግሌ በሽተኛ ከገቡ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰም ነበር። ድንገት ቀና ብሎ ከትከሻዋ በላይ አየ።

«ልጁን አስገቡት እንጂ» አለ። «እርጥብ ልብስ ለብሶ በብርድ አለቀ።»

አይናዲስ ዞራ አላየችም። እንዳላማው አየ። መተላለፊያው ባዶ ነው አላት፤ ድምፁ ግን የራሱ አልመስል አላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ቻርጅ አልቀለደም። በሚቀጥለው ተራ ማንም ምንም እንዳያቀምሳቸው ራሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ኤሌክትሪኩ ተደጋገመላቸው። ከሕክምናው ሲነቁ የት እንዳሉ ግራ ይገባቸው ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ማታ ማታ ዝም ማለት ጀመሩ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ዓባይን ሲሻገር ውሃውን ቁልቁል አዩት እንጂ ምንም አላሉም።

ቤታቸው በገቡ ዕለት ፀሐይ ስታዘቅዝቅ አይናዲስ እግሯ ወስዷት በሩ ላይ ቆመች። መሪጌታ መደባቸው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። መቋሚያው ጥግ ላይ እንደቆመ ነው።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ምነው በር ላይ ቆምሽ?»

«እንዳይወጡብኝ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ምን ፍለጋ እወጣለሁ? ገብቷል እኮ።» ሸርተት ብለው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ። «ጋቢ ደርቢለት፤ ረጥቧል።»

አይናዲስ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ በባዶው ቦታ ላይ አኖረችው። በሩንም አልቀረቀረችም።

ጠዋት እንዳላማው ሲመጣ ጋቢው እንደራሰ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አገኘው።

«ምነው፣ በዚህ በጋ ዘነበባችሁ እንዴ?»

«የለም» አለችው። «ሰንሰለትህን ይዘህ ሂድ።»