ከአራቱ ጊጋ የጎደለው

«የአራተኛው ጥያቄ መልሴ አልተሳሳተም። የተሳሳተው እርማቱ ነው» አሉ እትዬ፣ የፈተና ወረቀታቸውን እንደ ክስ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው።

ከደሴ የመጣው አሠልጣኝ መልሱ ከማኑዋሉ ጋር እንደማይገጥም ለሦስተኛ ጊዜ አስረዳቸው። እሳቸውም ማኑዋሉን ማን እንዳረመው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁት። ኃላፊያችን በመሃል ተቀምጦ፣ የስም ዝርዝሩን ከፊቱ አድርጎ፣ እርሳስ ይቀርጻል። እኔ የኮንትራት ጸሐፊው መስኮቱ ሥር ቆሜ ግድግዳውን አያለሁ።

እትዬ መካነ ሰላም በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የአንድን ገበሬ ፋይል የአባቱን ስም ብቻ ሰምተው ከነመደርደሪያው ይናገራሉ። ችሎታቸው ግን ከሥራ ሂደት ለውጡ በፊት የተገኘ ስለሆነ አይቆጠርም። አሁን የሚቆጠረው የአምስት ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ነው። ከአሥር ስድስት ያመጣ በቦታው ይቆያል፤ ያላመጣ «ተንሳፋፊ» ይሆናል። ሐይቅ በሌለበት ደጋ ብዙ ሰው ተንሳፍፎ አይቻለሁ፤ ኮሪደር ላይ፣ ያለ ወንበር። እትዬ ያመጡት አምስት ነው።

ሥልጠናው ራሱ ከባድ አልነበረም። ከሁሉ የሚያንሰው መለኪያ ቢት ይባላል፤ ከአዎና ከአይ ሌላ ቃል አያውቅም። በእኛ ስብሰባዎች አይ የሚል ስላልነበረ ግማሽ ቢት ይበቃን ነበር። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው፤ አንድ ባይት አንድ የፈረንጅ ፊደል ይይዛል። የእኛ ፊደል ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ባይት ይፈጃል። አንድ ሺህ ሃያ አራት ባይት አንድ ኪሎ ባይት፣ ይህን ያህል ኪሎ አንድ ሜጋ፣ ይህን ያህል ሜጋ ደግሞ አንድ ጊጋ ይሆናል። እስከዚያ ቀን የጻፍኳቸውን ግጥሞች በሙሉ መዘንኳቸው፤ ሁለት መቶ ኪሎ ባይት አልሞሉም። ኃላፊያችን ችግኝ ሲተክል የተነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ሁለት ሜጋ ሆና ተገኘች። የወጣትነቴ ሐዘንና ፍቅር ተደምሮ ከእሱ አንድ አካፋ አሥር እጅ ያንሳል ማለት ነው።

እትዬ ሺህ ላይ ለምን እንደማይቆም ጠየቁ። አሠልጣኙ «ቴክኖሎጂው ነው እናቴ፣ በቃልዎ ይያዙት» አላቸው። እጥፍ እጥፍ እያለ የሚቆጥር ማሽን ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት ተነሥቶ አንድ ሺህ ሃያ አራት ላይ እንደሚያርፍ፣ ሺህ ላይ የሚያቆመው ነገር እንደሌለ፣ ኋላ ከመጽሐፍ አገኘሁት። እትዬ መጽሐፍ አልጠበቁም። «ሃያ አራቷ ምርቃት ናት» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ አራት ጊጋ ተብሎ የተጻፈበት ፍላሽ ሰካ። ኮምፒውተሩ ሦስት ነጥብ ሰባት ሁለት አለ። የጎደለው የት ሄደ ሲባል አሠልጣኙ ለአፍታም ሳያስብ ቫይረስ በልቶታል አለ። እትዬ ሌሎቹ ፍላሾችም እንዲሰኩ ለመኑ። ከነማሸጊያቸው የመጡ ሁለት አዳዲሶች ተሰኩ፤ ሁለቱም ሦስት ነጥብ ሰባት ሁለት። ከሦስቱም እኩል የበላ ቫይረስ! በወረዳችን እንደዚያ ያለ ፍትሐዊ ክፍፍል አይቼ አላውቅም።

ለሻይ ስንወጣ እትዬ በረንዳው ላይ ነገሩኝ። አባታቸው አጅባር ገበያ እህል ነጋዴ ነበሩ። እዚያ ቁና አንድ ቢሆንም አሰፋፈሩ ሁለት ነው፤ ሻጭ የቁናውን አፍ ደልድሎ ይሰፍራል፣ ገዢ ካልተቆለለ ሞላ አይልም።

«ፋብሪካው ሻጭ ነው፤ ሺውን ሺህ ብሎ ይደለድላል። ኮምፒውተሩ ገዢ ነው፤ ምርቃቱን ካላየ ሺህ አይልም። በኪሎው ምርቃት፣ በሜጋው ምርቃት፣ በጊጋው ምርቃት። ሦስቴ ያስቆለለ ሰው የደለደሉለትን አራት፣ አራት ብሎ ይቀበላል? ወላሂ የበላው የለም፤ ሰፋሪው ነው የተለያየ።»

ወረቀት አውጥቼ እዚያው አካፈልኩት። ሦስት ነጥብ ሰባት ሁለት መጣ፤ ለእሳቸውም አሳየኋቸው። ቀናሁባቸው፤ ከግጥሞቼ በአንዱም እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

በፈተናው አራተኛው ጥያቄ ይኸው የፍላሹ ጉዳይ ሆኖ መጣ። ምርጫዎቹ ቫይረስ፣ እርጥበት፣ ያረጀ ኮምፒውተር፣ የተበላሸ ፍላሽ ነበሩ። እትዬ አንዱንም ሳያከብቡ ኅዳጉ ላይ የቁናውን ነገር በሁለት መስመር ጻፉ። እኔ ቫይረስን አከበብኩ፤ ክቤ በጣም የሚያምር ነበር። አሥር ከአሥር አመጣሁ።

እንግዲህ መስኮቱ ሥር የቆምኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። በዚያው ጠዋት ደግሞ ኃላፊያችን ኮሪደር ላይ ትከሻዬን ይዞ፣ የመዝገብ ቤቱ ቦታ ክፍት ከሆነ ቋሚ ቅጥር እንደሚሆን፣ አሥር ያመጣ ልጅ እንደማይረሳ ነግሮኛል።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ በእጅህ አካፍለኸዋል። ንገራቸው።»

ኃላፊው እርሳሱን አስቀምጦ አየኝ። አሠልጣኙም አየኝ፤ እሱ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር።

«ማኑዋሉ ላይ ያለው ቫይረስ ነው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ማኑዋሉ ላይ ያለው ቫይረስ ነው፤ ገጹን ሁሉ አስታውሰዋለሁ።

«ማኑዋሉን መቼ ጠየቅኩህ?» አሉ እትዬ።

አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠርጎ በሚቀጥለው ዙር ሊፈተኑ እንደሚችሉ ተናገረ፤ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። ኃላፊው ቅር እንዳይላቸው፣ ለውጡ ሁላችንንም እንደሚመለከት አስረዳና በስማቸው ትይዩ አንዲት ትንሽ ምልክት አደረገ። አዎ ወይም አይ፣ ከዚያ በላይ ቦታ አልፈጀችም።

እትዬ ወረቀታቸውን በአራት አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግጥምህንም እንዲህ ነው የምትጽፈው?»

ይህን ብለው ወጡ። በሩን አልወረወሩትም። ወረቀት ነፋስ እንዳይበትነው እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ እስኪገጥም ድረስ ቀስ ብለው ስበው ዘጉት።