ሁለት ሳፋ ሥጋ ለአንዲት ልጅ ልደት

የተወለድኩበትን ቀን የማላውቀው ሴትዮ የልደት ወጥ ሠሪ ሆኜ አረፍኩት! እናቴ «ሽንብራ ሲነቀል ነው የመጣሽው» ከማለት በቀር የነገረችኝ የለም። የሰው ልደት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? አፌ ነው። «እችላለሁ» ማለት ይወዳል።

ሥራውን የጀመርኩት እዚሁ ቢቸና፣ ሰርግ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሽንኩርት ከታፊ ነበርኩ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ መጥታ አየችኝና «አንቺ፣ ሙሽራዋ እንኳ እንዳንቺ አላለቀሰችም!» አለችኝ። ከመክተፍ ወደ ማማሰል፣ ከማማሰል ጨው ወደ መቅመስ ወጣሁ። ጨው የሚቀምሰው ዋናው ነው። ሌላው ከቀመሰ በማማሰያ ይቀምሳታል።

እንዲህ ሰርግና ተዝካር ስሠራ አርጅቼ፣ በቀደም ትዕግሥት የምትባል ነርስ ከሞጣ ደወለችልኝ። ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ናት። ልጇ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።

«እማማ፣ ሁለት በግ ነው። አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም» አለችኝ።

የእስላሙ ለጎረቤቷ ለዘይነባ ቤተሰብ ነው። ዘይነባ ባለሱቅ ናት፤ ትዕግሥት ሥራ ስትሄድ ልጅቱን የምታውልላት እሷ ናት።

«ዘይነባ ቅር ካላት እዚህ አገር ማን አለኝ?» አለች።

ሄድኩ። በጎቹ ጠዋት በየአራጃቸው ታርደው፣ ሥጋው ተቆራርጦ፣ የእስላሙ በቀይ ሳፋ፣ የክርስቲያኑ በብረት ድስት ተቀመጠ። እኔ ጓሮ ሁለት ምድጃ ላይ ሁለት ቁሌት ጣድኩ፤ ማማሰያውም ለየብቻ። ሽንኩርቱ ሲበስልልኝ «ሥጋ!» ብዬ ተጣራሁ።

ትዕግሥት ሁለት አዳዲስ ነጭ ሳፋ ተሸክማ መጣች። መንታ ነው የሚመስሉት።

«የእስላሙ የትኛው ነው?»

«ፎቶ ላይ እንዲያምር ብዬ እኮ... አለቃልቄ ገለበጥኩት።»

«የትኛው ነው አልኩሽ?»

ዓይኗ ካንዱ ወዳንዱ ሄደ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ አሸተትኩት። በግ በግ ነው! እንኳን እኔ አራጁም አይለየው፤ በጉ ራሱ ቢነሣ አይለየው።

እንግዳው እየገባ ነው። ፊኛው ተነፍቶ፣ ሙዚቃው እየጮኸ፣ የዘይነባ ልጆች ከወዲሁ ኬኩን ከበውታል። ትዕግሥት ጆሮዬ ሥር መጣች።

«እማማ፣ ዝም ብለው ይሥሩት። ማን ያውቃል?»

«እኔና አንቺ። ለሞጣ ሁለት ሰው ብዙ ነው።»

«ብነግራት ትቀየመኛለች!»

«ሳትነግሪያት በልታ ብትሰማስ?»

እንጨቱን ከሁለቱም ምድጃ ጎተትኩና ቁጭ አልኩ። ቆማ አየችኝ። እንደማልነሣ ሲገባት ሄዳ ዘይነባን ጠራቻት፤ ነገረቻት።

ዘይነባ ሁለቱን ሳፋ አየች። ትዕግሥት ማልቀስ ጀመረች።

«አንቺ ልጅ» አለች ዘይነባ፣ «ደብቀሽ አብልተሽኝ ቢሆን እኔና አንቺ አበቃን ነበር። አሁን አፍንጫሽን ጥረጊ።» ወደኔ ዞረች። «እማማ፣ ሽሮ ይሠሩልናል?»

«ለልደት?»

«ለሆድ!»

ሽሮውን ከቤቷ አስመጣች። እንጨቱን መልሼ አቀጣጥዬ በሁለቱም ቁሌት ላይ በተንኩት። እስላሙም ክርስቲያኑም ከደረሰለት ድስት ተጨለፈለት። ባለልደቷማ ኬኳን በሽሮ እያጠቀሰች በላች። ሥጋው ለትዕግሥት ቀረ፤ እሷ ባደገችበት ቤት ሥጋ ሥጋ ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሥጋ ያለበት ድግስ ስጠራ፣ በጉ ታርዶ ሥጋው ድስት እስኪገባ ከዓይኔ አይርቅም። የዕቃ ለውጥም የለም።

ቢቸና ስመለስ ነገሩን ሁሉ ለጎረቤቴ ለአበሩ እየሳቅኩ አወራሁላት። እሷ አልሳቀችም።

«ሽሮ ልትሠሪ ነው ሞጣ ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ። «እሱንማ ነርሷም ትችላለች።»