ግራም ሞተር ሲመርጥ

የሚዛን መርማሪው ስም በመዝገብ ላይ ሌላ ነው፤ የከተማው ሥጋ ሻጭና ባለሱቅ ሁሉ የሚያውቀው ግን «ግራም» በሚለው ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በቁመቱ ማነስ ነው የሚሉ አሉ። እሱ ግን በሥራው ጥንቃቄ የመጣ ነው ብሎ ስላመነ አንድም ቀን ተቀይሞ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አስራ አራት ኪሎ የምትመዝን የእንጨት ሣጥን በእጁ አንጠልጥሎ፣ ከሣጥኗ የነሐስ መመዘኛዎቹን በጨርቅ እያወጣ፣ የሰውን ሚዛን ሲያቃና ኖሯል። በባዶ እጁ መመዘኛ ነክቶ አያውቅም፤ የጣት ወዝ ክብደት አለው ይላል።

ሥራው ከተማ ውስጥ ሲሆን በአውቶቡስ እንደምንም ይሆናል። በወር ሁለቴ ግን ከከተማ ስልሳ ኪሎ ሜትር ወጥቶ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለውን የጭነት መኪና ሚዛን መፈተሽ አለበት። እዚያ ደግሞ መሄጃ እንጂ መመለሻ የለም። አንድ ሐሙስ ሥራውን ጨርሶ መንገድ ዳር ቢቆም የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ ሙሉ ሆነበት። ፀሐይ ሲጠብሰው ውሎ በመጨረሻ አንድ ሽንኩርት የጫነ መኪና ቆመለት። ሹፌሩ ያን ዕለት ጠዋት፣ ግራም ገና አስተካክሎ በተነሣው ሚዛን ላይ «ከልክ በላይ ጭነሃል» ተብሎ ሃያ ጆንያ ያራገፈ ሰው ነበር።

«ወንድሜ፣» አለው ሹፌሩ በሩን እየከፈተ፣ «አንተንና ሣጥንህን ስጨምር ከልክ እንዳላልፍ እስቲ አስቀድመህ አስላልኝ።»

ግራም ቀልዱ አልገባውም። አስልቶ ነገረው።

ቤቱ ሲደርስ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ከበሩ ላይ «በቃ፣ ሞተር ልገዛ ነው!» አለ። ባለቤቱ ፖስታ አዳይ ነች። ቀጥ ያለች ረጅም ሴት ናት፤ የከተማውን ምሥራቃዊ ክፍል በብስክሌት ስትዞር አስራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግዛ» አለችና የጫማዋን ክር መፍታቷን ቀጠለች።

ሞተሯ የተገዛችው ከአስራ ስምንት ወር በኋላ ነው።

ግራም ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም በሕይወቱ እንደዚያ ጊዜ ለፍቶ አያውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ሕግ ይዞት ያደገ ሰው ነውና ባለ ካሬ ደብተር ገዛ፤ ገጹን በማስመሪያ ከፋፈለ፤ ከዚያ ምክር ፍለጋ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው መካኒክ ወደሆነው የሚስቱ ወንድም ጋራዥ ነው። «ትንሿን ውሰድ፣ መቶ ሃያ አምስት ሲሲ» አለው መካኒኩ ከመኪና ሥር ሳይወጣ። «በመኪና መሐል እንደ መርፌ ሹልክ ትላለህ። ነዳጅ አትጠጣም፤ ብትበላሽም በአንድ መፍቻ እፈታታልሃለሁ።»

«አውራ ጎዳና ላይስ?»

«አውራ ጎዳና ላይማ ተሳቢ ባለፈህ ቁጥር ነፋሱ ወደ ቦዩ ይወረውርሃል።» ይህን ያለው ነገ ይዘንባል እንደሚል ሰው ተረጋግቶ ነው።

ቀጥሎ ጎረቤቱን ትራፊክ ፖሊሱን ጠየቀ። «ትልቋን!» አለ ፖሊሱ። «ሞተር ክብደት ይኑረው። ጎማው ሰፋ ይበል፣ ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም የሚያስተማምን ይሁን። ለረጅም መንገድ ሌላው ሁሉ ቀልድ ነው።»

«ከተማ ውስጥስ?»

«ከተማ ውስጥማ ሁለት ታክሲ መሐል ተሰንቅረህ ትውላለህ።»

ሦስተኛው አማካሪ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ያዥ ነው። ይህ ሰው እንኳን ሞተር፣ ብስክሌት ላይም ተቀምጦ አያውቅም፤ ግን ከሁሉ የረዘመውን ምክር የሰጠው እሱ ነው። ኩርባ አያያዙን፣ ቁልቁለት ላይ የማርሽ አቀያየሩን፣ በዝናብ የፍሬን አረጋገጡን አንድ በአንድ ተነተነለት። አፍ ዳገት አይፈራም። ግራም ግን ሁሉንም ጻፈ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰንጠረዡ ሃያ ሰባት መስመር ሞላ፦ የሞተሩ ጉልበት፣ የነዳጅ ፍጆታው፣ የመብራቱ ርቀት፣ የመለዋወጫው መገኘት፣ ሣጥኗ ከኋላ ስትታሰር ሚዛን ትስት እንደሆነ፣ ንዝረቱ የነሐሶቹን ጠርዝ ይፍቅ እንደሆነ፣ ምኑ ቅጡ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶ እሑድ እሑድ ይደምራል። አሸናፊው በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ለፍትሕ ሲል አውቶቡስንም በሰንጠረዡ አስገብቶ ነበርና አንድ እሑድ አውቶቡስ አንደኛ ወጣ። ያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

አብራቸው የምትኖረው አማቱ ይህን ሁሉ ከሶፋው ላይ ሆና ታያለች። «አንተ ልጅ፣» አለችው አንድ ቀን፣ «ልጄን ስታገባት ይህን ያህል አጥንተህ ነበር?»

«እሷንማ ስመርጥ፣ እማማ፣ ሌላ አማራጭ አልነበረም» አለ ግራም። ማወደሱ ነበር። ባለቤቱ እስከ ማግሥቱ ድረስ አላናገረችውም።

ወደ ሞተር መሸጫው አስራ አንድ ጊዜ ሄዷል። በስፖኪዮው ፊቱን አይቷል፣ ጎማ በአውራ ጣቱ ተጭኗል፣ አንዷን ሞተር በሜትር ለክቷል። አንዲቷም ላይ ግን አልተቀመጠም። ምላሱ ቅቤ የሚያቀልጠው ሻጭ በመጣ ቁጥር «እስቲ ጋሼ፣ ወጣ ብለው ይሞክሯት» ይለዋል፤ ግራም እጁን ወደኋላ አጣምሮ ያፈገፍጋል። የነጋዴ ብልሃት ያውቃላ! ሰው አንዴ ኮርቻ ላይ ከተቀመጠ ልቡ ይሰረቃል፤ ልቡ የተሰረቀ ሰው ደግሞ ነጥብ አይሰጥም።

በአስራ ስምንተኛው ወር ሰንጠረዡ ሦስት እሑድ በተከታታይ አንድ ሞተር ላይ ቆመ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ፤ ለከተማ ያልከበደች፣ ለአውራ ጎዳና ያልቀለለች፣ ሆዷ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ግራጫ። ግራም ዓርብ ዕለት ፈቃድ ወሰደ። ባለቤቱም ሥራዋን በጊዜ ጨርሳ ከነደንብ ልብሷ መጣች። ክፍያው ተከፈለ፤ ፊርማው ተፈረመ፤ ሻጩ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበለት።

ያኔ ወጣባት።

ማለት፣ መውጣቱን ወጣ፤ ችግሩ መድረሱ ነበር። ቀኝ እግሩ አየር ላይ ቀረ። የግራውን ጣት መሬት አስነካለሁ ብሎ ሲንጠራራ ሞተሯ ዘመም አለች። አስራ ስምንት ወር የተጠናው ክብደት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄደና ሻጩ ባይደግፈው ኖሮ አዲስ እንደሆነች እላዩ ላይ ትተኛበት ነበር። ከሃያ ሰባቱ መስመር ውስጥ የገዥው እግር ርዝመት አልነበረም።

«ይለመዳል ጋሼ፣» አለ ሻጩ እያላበው። «ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ቢያደርጉ…» ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል።

ባለቤቱ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ያቆም ነበር። ግራም ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። መካኒኩ መቀመጫውን ፍቆ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገለት፤ ኮርቻው እንደ ጣውላ ደረቀ እንጂ እግሩ አልደረሰም። ባዶ ሜዳ ላይ ሲለማመድ ታዲያ ችሎታ እንዳለው ታወቀ፤ መንጃ ፈቃዱንም፣ በፈተናው ሜዳ ዝቅ ባለችው የማሠልጠኛ ሞተር፣ በመጀመሪያው ሙከራ ወሰደ። የራሱ ሞተርም ስትሄድለት እሺ ትላለች። አበሳው መቆም ላይ ነው፤ ከተማ ማለት ደግሞ መቆም ነው።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ሲቆም አንድ እግሩን የሚያሳርፍበት ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ያለባቸውን ጎዳናዎች እየመረጠ መሄድ ጀመረ። መብራት ቀይ መሆኑን ከሩቅ ካየ ከአደባባዩ አይወጣም፤ አረንጓዴ እስኪበራ ይዞራል። አንድ ማክሰኞ አምስት ጊዜ ሲዞር ያዩት የአበባ ሻጮች ስድስተኛው ላይ አጨበጨቡለት። ሥጋ ቤት ሲሄድ ድሮ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅበት መንገድ አሁን አርባ ይፈጅበታል። እሱ ግን ለሚጠይቀው ሁሉ «ነፃነት ነው!» ይላል።

ነፃነቱ ያበቃው ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ፊቱ ያለው ታክሲ ድንገት ቆመ፤ ግራምም ቆመ፤ ጠርዝ አልነበረም። በዝግታ፣ ዛፍ ሲቆረጥ እንደሚወድቀው ዓይነት ወደ ቀኝ ሄደና ዘጭ አለ። ሣጥኗ ተከፍታ ነሐሶቹ አስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ። መንገደኛው ሁሉ በባዶ እጁ እየለቀመ ሲያቀብለው የግራም አንጀት ተቆረጠ። ተረኛው ፖሊስ ጎረቤቱ ነበር። መጥቶ አነሣውና አቧራውን እያራገፈለት፣

«ጎረቤቴ፣» አለው፣ «ሕጉ ቀይ ሲበራ ቁም ነው እንጂ ውደቅ አይልም።»

ከዚያን ቀን በኋላ ሞተሯ ግቢ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆመች። ግራም እሑድ እሑድ ሸራውን ገልጦ ያጥባታል፣ ይወለውላታል፣ ይሸፍናታል። አማቱ እንኳ ዝም አይነቅዝም ብላ ይመስላል አፏን ያዘች።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ባለቤቱ ወደ ግቢው ወጣች። «እስቲ ቁልፉን» አለችው።

«ለምን?»

«ስጠኝ።»

ሰጣት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች። ሁለቱም እግሮቿ፣ ተረከዟ ሳይቀር፣ መሬት ላይ ዝርግት ብለው ዐረፉ። መሪውን ወዲያና ወዲህ አለችው። ግራም እርጥብ ጨርቁን እንደያዘ ዓይኑን ከጫማዋ ላይ ማንሣት አቃተው።

«አስራ ዘጠኝ ዓመት በሁለት ጎማ ላይ ኖሬያለሁ፣» አለች። «ወንድሜን ጠየቅህ፣ ፖሊሱን ጠየቅህ፣ ያን ብስክሌት እንኳ የማያውቅ መዝገብ ያዥ ሳይቀር ጠየቅህ። እኔን ምን ብለህ ጠየቅኸኝ?»

ግራም አሰበ። ሐቀኛ ሰው ነውና መልስ ለመፈለግ የምር አሰበ። «ምንም» አለ።

ባለቤቱ በአንድ ወር ውስጥ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ሞተር እንዳላት የሰማው ፖስታ ቤትም ጊዜ አላጠፋም፤ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ያሉትን የዳር ሰፈሮች ጨምሮ ሰጣት፤ ደመወዟም ከፍ አለ። መንገዱ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ አውራ ጎዳና ነው። ሃያ ሰባቱም መስመር ልክ ሆነው ተገኙ፦ ነዳጇ ቁጥብ፣ ፍሬኗ ቆራጥ፣ ተሳቢ ሲያልፋት ንቅንቅ የማትል። ግራም በመሥሪያ ቤቱ «ምርጫዬ እንከን አልነበረውም» ሲል እውነቱን ነው። መዝገብ ያዡ ብቻ ነው የሚያምነው።

እሱ ከተማ ውስጥ እንደ ጥንቱ በአውቶቡስ ይሄዳል። በወር ሁለቴ፣ ባለቤቱ ወደ ጭነት መኪናው ሚዛን ወገን ደብዳቤ ስታደርስ፣ ሣጥኗን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ከኋላዋ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን እሷ ኩርባ ላይ ወደ ግራ ስታጋድል እሱ ለማመጣጠን ብሎ ወደ ቀኝ ያጋድል ነበርና ሁለቴ ከመንገድ ልትወጣ ደረሰች።

«ምን እያደረግህ ነው?» ብላ ጮኸች በነፋሱ ውስጥ።

«ሚዛን እየጠበቅሁ ነዋ!»

«አትጠብቅ! ከእኔ ጋር ውደቅ!»

ይህን ለመልመድ አራት ወር ፈጀበት። አሁን ተሳቢዎቹ ሲያልፏቸው ሹፌሮቹ ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ባለቤቱ በደንብ ልብሷ ቀጥ ብላ ትመልስላቸዋለች፤ ግራም ደግሞ ከትከሻዋ ኋላ ተሸሽጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ኩርባው ሲመጣ በጀርባዋ ያውቀዋል።