ዘጠና አምስት በመቶ ባል

ሙዓዊያን ቆቦ ውስጥ የማያውቀው የለም። የፊዚክስ መምህር ነው፤ «እርግጠኛ ነኝ» የምትለዋ ቃል ግን ካፉ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ልክ ያልነው ነገር ነገ በተሻለ ማስረጃ ሊሻር ይችላል፣ ሳይንስ ማለት ይኸው ነው እያለ ያስተምራል። እውነቱን ነው፣ ማን ይክደዋል! ክፋቱ ትምህርቱን ይዞ ከክፍል መውጣቱ ነው። የባጃጅ ሹፌር መናኸሪያ ትሄዳለህ ወይ ቢለው፣ እስካሁን ባለው መረጃ አዎ ይላል። ሹፌሩም ጥሎት ይሄዳል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብዬ ከተማ የሚያመላልሰው ጉዳይ ፈሪሀ ናት፤ የሐጂ ታሂር ልጅ፣ ልብስ ነጋዴዋ። እሷም ወዳዋለችና ሽማግሌ ላክ አለችው። አጎቱ ነጅሙዲን ሽማግሌ ይዘው ሄዱ። ሐጂ የልጁን ጠባይ ሰምተው ኖሮ፣ እስቲ ራሱን አምጡልኝ አሉ።

ሲቀርብም ብዙ አልጠየቁትም። ልጄን እስከ መጨረሻው ትይዛታለህ ወይ፣ ይኸው ነው። ኧረ «ኢንሻአላህ» ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ነገን እንደማያውቅ እኮ እዚያ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። አጎቱ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ስለ ወደፊቱ ማንም ማረጋገጫ መስጠት እንደማይችል፣ የእሱ ግምት ግን ዘጠና አምስት በመቶ እንደሚደርስ አስረዳ።

«በቀረችው አምስትስ ማን ያበላታል?» አሉ ሐጂ።

ሙዓዊያ ጥያቄው ደስ አለው። ስለ ስህተት መጠን ማብራራት ሲጀምር አጎቱ ጫማቸውን ፍለጋ ተነሱ።

በማግስቱ ፈሪሀ ደወለች። አልተቆጣችም። አባቷን እሷ እንደምታሳምን፣ ከእሱ ግን አንዲት ነገር ብቻ መስማት እንደምትፈልግ ነገረችው።

«ነገን አልጠየቅኩህም» አለችው። «አሁን ትወደኛለህ?»

የዋህ! መልሱን ልቡ ያውቀው ነበር። ግን ስሜት ምን ያህል ሊታመን የሚችል ማስረጃ እንደሆነ ማሰላሰል ያዘ። ፈሪሀ ጠበቀችው፣ ጠበቀችው። ከዚያ ደህና ሁን ብላ ዘጋችው።

«አዎ» አለ ሙዓዊያ፣ ለተዘጋው ስልክ።