በሁለት ፍራሽ መሀል ያለች ስንዝር

የታሰርኩት ስለ ጦርነት አስተምሬ ነው። ውስብስብ ሥርዓቶችን በሚያጠናው ሳይንስ አገሮች እንዴት ወደ ጦርነት እንደሚገቡ ለተማሪዎቼ አስረዳ ነበር፤ ትንሽ ፀብ የምትገዝፈው በራሷ ጉልበት ሳይሆን ወዳጅ ወዳጁን እየጎተተ ሲያስገባ ነው እያልኩ። መርማሪው ታግሶ ሰማኝና፣ «ታዲያ ያቺን ትንሽ ፀብ የሚጭራት ማነው? ስም ጥራ» አለኝ። የምጠራው ስም አልነበረኝም። ቃሊቲ አወረዱኝ።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ቀን ሲፋጅ ይውላል። መሬት ላይ ተደርድረን፣ ሁላችንም በአንድ ጎን ነበር የምንተኛው። ጎኑ የዛለ ሰው «እንዙር» ይላል፣ ረድፉ በሙሉ ይዞራል። ብቻውን መገላበጥ የሚችል አልነበረም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ በረድፌ ያሉ አንድ ሽማግሌ ሻምበልና ጎረቤታቸው ነጋዴው በፍራሾቻቸው መሀል ባለች ስንዝር ቦታ ተጣሉ። ነጋዴው ጫማውን አስቀመጠባት፣ ሻምበሉ ጀሪካናቸውን። ከሻምበሉ ጋር የሚበሉት ብድግ አሉ፤ የነጋዴው አገር ልጆችም ብድግ አሉ። ጉድ እኮ ነው፣ ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩት ነገር ፊቴ ተገትሯል! የቤቱ አለቃ፣ እሱም እንደኛው እስረኛ ነው፣ ዱላ ከተነሳ ነገ ጥየቃ የለም ብሎ አስጠነቀቀ። ከታሰርኩ በኋላ የተወለደችውን ልጄን ሚስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛልኝ የምትመጣው ነገ ነበር።

ስንዝሯ የማን እንደነበረች ዛሬም አላውቅም። የዚያን ቀን ያወቅኩት፣ ጥፋተኛ ስንፈልግ ዱላው እንደሚቀድመን ነው። ፍራሼን ጠቀለልኩ።

«ሻምበል፣ የኔን ቦታ ተካፈሏት። ረድፉ ጠጋ ጠጋ ይበል» አልኩ።

«አንተስ የት ልትሆን ነው?»

«ሽንት ቤቱ በር ላይ።»

ሻምበሉ ጥቂት አዩኝና ጀሪካናቸውን አነሱ። ነጋዴው ቀና ብሎ ሳያየኝ ጫማውን ወሰደ። የቆሙትም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

በማግስቱ ልጄን በአጥር ማዶ አየኋት። ተኝታ ነበር። ሚስቴ ለምን እንዲህ እንደምሸት ጠየቀችኝ፤ ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከተፈታሁ ቆይቻለሁ፤ አሁን የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። አልጋችን ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ግድግዳ ተጠግቼ በጎኔ ነው የምተኛው። በእንቅልፌ «እንዙር» እላለሁ አሉ። ሚስቴ ድሮ ትስቅብኝ ነበር። አሁን አብራኝ ትዞራለች።