በረኪና የጠጣው ዲል

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጅግጅጋ ውስጥ በተከራየሁበት ግቢ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ አንድ ነገር ሳላስረዳ የዋልኩበት ቀን አይመሽልኝም። ተማሪ ስላጣሁ አከራዬን ማስተማር ጀመርኩ።

አከራዬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የሶማሌ እናት ናቸው። ሰፈሩ «ኤዶ» ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔንም «መዓሊመድ» ይሉኛል፤ በቋንቋቸው መምህርት ማለት ነው።

ከቶጎጫሌ የመጣ ጀርም ገዳይ እርጥብ ሶፍት፣ አልኮልና በረኪና ገዛሁ። ከዚያም ሠንጠረዥ ሠርቼ የኩሽናው በር ላይ ለጠፍኩ። የበር እጀታ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቧንቧ ሁለት ጊዜ፣ ስልክ ከውጭ በተገባ ቁጥር። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ ክልክል ነው» ብዬ አሰመርኩበት። ጀርሙን የሚገድለው ማሸቱ ብቻ ሳይሆን ፈሳሹ ሳይደርቅ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

ኤዶ አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙና፣ «መዓሊመድ፣ በሽታው ይህን ፕሮግራም ያውቃል?» አሉኝ። እጀታውን ግን በሰዓቱ ይጠርጉ ነበር።

ኩሽናው ውስጥ ሚስማር ላይ ዲል ተንጠልጥሎ ነበር። ዲል ከዛፍ ሥር በሚወጣ ክር ጥብቅ ተደርጎ የሚሰፋ የወተት ዕቃ ነው። ይህኛውን የሰፉት የኤዶ እናት ናቸው። ቶጎጫሌ የምትኖረው የኤዶ ልጅ ወልዳ ነበርና፣ አርባ ቀኗ ሲሞላ ሕፃኑን ይዛ ልትመጣ ነው። ኤዶ በዚያ ዲል የግመል ወተት ሊያጠጧት ቀን ይቆጥራሉ።

ልትመጣ ሦስት ቀን ሲቀራት ኤዶ ለቅሶ ሄዱ። እኔም ላግዛቸው ብዬ ዲሉን አወረድኩ። ክዳኑን ሳነሳው ውስጡ ጥቁር ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል። አራስ በዚህ ልትጠጣ? በረኪና በውሃ በጥብጬ ሞላሁት፣ አሥር ደቂቃ በሰዓት ያዝኩ፣ በብሩሽ ፈተግኩት፣ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። ውስጡ ቡናማ ሆነ። ደስ አለኝ።

ኤዶ ሲመለሱ አነሱት፤ አፍንጫቸውን አስገብተው ቆዩ።

«ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ ኤዶ። ጥላሸት ይዞ ነበር፣ እና...»

«ጥላሸት አይደለም። እኔ ነኝ ያጠንኩት።» ድምፃቸውን አላነሱም። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ሳሙና እንኳ አላስነካሁትም። አሁን ልጄ በምን ትጠጣ?»

ሥጋ በጭስ ሲታጠን እንደማይበላሽ፣ ጭሱ ራሱ ጀርም እንደሚገድል፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ቆመሽ አትዪኝ፤ ውሃ አፍዪ» አሉኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ በፈላ ውሃ እያለቀለቅሁ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኤዶ የወይራ እንጨት አነደዱ። ፍሙን ዲሉ ውስጥ ጨምረው ይከድናሉ፣ ያንቀጠቅጡታል፣ ሲጠፋ ደፍተው ያራግፋሉ፤ ከዚያ እንደገና። እኔ ደብተር ይዤ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

«ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

«እስኪበቃው።»

«እንደበቃው በምን ይታወቃል?»

«አፍንጫ የለሽም? አዎ፣ የለሽም። ቢኖርሽ በረኪናው ይሸትሽ ነበር።» ከለቅሶ ከተመለሱ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ነው። ደብተሬ ላይ «እስኪበቃው» ብዬ ጻፍኩ።

ልጃቸው ከቀትር በኋላ ደረሰች። በሠንጠረዡ መሠረት በር ላይ እጇን በእርጥብ ሶፍት አስጠረግኋት፤ ሳታጉረመርም እሺ አለችኝ። ኤዶ ጠዋት ዲሉ ውስጥ የጨመሩትን ወተት በኩባያ ቀዱላት። ሁለታችንም አፏን እያየን ቆምን። አንዴ ተጎነጨችና ኩባያውን ዝቅ አደረገችው።

«ጥሩ ነው እማ» አለች፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ። «ግን ትንሽ ሌላ ነገር ይሸታል።»

ኤዶ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «የመዓሊመድ ሽታ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠን ይለቃል» አሏት።

ልጅቷ ምን እንደተባለ ባይገባትም ሳቀች፤ ጨርሳ ጠጣችና ኩባያውን ድጋሚ ዘረጋች። ኤዶ ቀዱላት። ለእኔም ሳልጠይቅ ቀዱልኝ።

ከዚያ እስክሪብቶ እንዳመጣ አዘዙኝና ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር አስጨመሩኝ፤ «ዲል፦ ኤዶ ብቻ።» ወረቀቱ ዛሬም በሩ ላይ አለ። ቀዩ ጽሑፍ ሳይቀር በፀሐይ ደብዝዟል። ያቺን መስመር ግን በየመስከረሙ በአዲስ እስክሪብቶ እደግማታለሁ።